ሳይነበብ የሚቆጠር ቀን

ካርቲየ 3 ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ የኢትዮጵያ የቁም እንስሳት ነጋዴ ከሁለት መንግሥት ወረቀት ይደርሰዋል። አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በፈረንሳይኛ ነው። አማርኛው ድሬዳዋ ወይም አዳማ ባለው ቢሮው በር ላይ ሲለጠፍ እሱ ጂቡቲ ነው። ፈረንሳይኛው ካርቲየ 3 ሲደርስ ደግሞ እሱ ሚሌ ወይም ባቢሌ ገበያ ላይ ነው። ሁለቱም ወረቀቶች አንድ ጠባይ አላቸው፦ ነጋዴው አነበባቸው አላነበባቸው፣ ከደረሱ በኋላ ቀኑ መቆጠር ይጀምራል።

በነጋዴው መካከል ስለ ክስረት ሲወራ የሚነሳው በመንገድ የሞተ ከብት፣ ገንዘብ ያልላከ ገዢ ወይም የተዘጋ ገበያ ነው። ይህ አያስገርምም። ሳዑዲ ዐረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2000 የቀንድ አገሮችን እንስሳት ስታግድ፣ እገዳው እስከ 2009 የቆየ ነበርና ያንን ዘመን ያየ ሰው አይረሳውም። እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው የዳመርጆግ ኳራንቲን ለዚህ ንግድ ትልቅ ነገር የሆነውም በዚያው ምክንያት ነው። ዛሬ የጤና ሰርተፍኬት ሳይዝ መንጋውን ጭኖ ወደ ዳመርጆግ የሚነዳ ነጋዴ የለም። ንግዱ ከበሽታ ራሱን መጠበቅ ተምሯል። ከግብር፣ ከመሥሪያ ቤት ውሳኔና ከመሬት የሚመጣውን ጉዳት ግን እስከ ዛሬ እንደ በረዶ ዝናብ ነው የሚያየው፤ ከመጣ መጣ ነው። ለከብቱ ሐኪም አስቀድሞ ይጠራል፤ ለባለቤቱ ጠበቃ የሚፈለገው የባንክ ሒሳቡ ከታገደ በኋላ ነው።

ይህ አካሄድ መለወጥ አለበት። የሚለወጠውም እያንዳንዱ ነጋዴ የግል ጠበቃ በመቅጠር አይደለም፤ አብዛኛው አቅሙም የለውም። በካርቲየ 3 የሚሠሩ ነጋዴዎችና ማኅበሮቻቸው የሕግ አገልግሎትን እንደ ጭነት መኪና በጋራ ሊከራዩት ይችላሉ። ምክንያቱን ለማየት ብዙውን ጊዜ ትልቁ ገንዘብ ከሚሄድበት ከግብር መጀመር ይሻላል።

በኢትዮጵያ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የታክስ ውሳኔ የደረሰው ሰው ቅሬታውን በጽሑፍ የሚያቀርብበት ጊዜ 21 ቀን ነው። ማስታወቂያው ለባለቤቱ በእጁ መሰጠት ብቻ አይጠበቅበትም፤ የሚቀበል ሰው ካልተገኘ በንግድ ቤቱ ወይም በመኖሪያው በር ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ዘበኛው አንሥቶ መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጠው፣ ወይም ዝናብ ቢያበላሸው፣ ያ የነጋዴው ችግር ነው። አንድ ዙር ጭነት ከግዥ እስከ መርከብ፣ የኳራንቲን ቆይታውን ጨምሮ፣ ሦስት ሳምንት በቀላሉ ይፈጃል። ስለዚህ 21 ቀን በቢሮው ለሚውል የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ለቁም እንስሳት ነጋዴ ግን አንድ ጉዞ ነው።

አዋጁ ይህን ጨርሶ አልዘነጋውም። ከኢትዮጵያ ውጭ መሆን፣ ሕመም ወይም ሌላ አሳማኝ ምክንያት ካለ፣ በጽሑፍ ለጠየቀ ሰው ከ10 ቀን የማይበልጥ ማራዘሚያ ሊፈቀድለት ይችላል። ፓስፖርት ላይ ያለው የጋላፊ ወይም የደወሌ ማህተም ለዚህ ማስረጃ ነው። ስንት ነጋዴ ይህን ያውቃል? የሚያውቅ ጠበቃ አስቀድሞ ተወክሎ ቢሆን ማመልከቻው አንድ ገጽ ነው። ካልተወከለ ግን ያ ገጽ የሚጻፈው ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ በልመና መልክ ነው።

የቅሬታው ደረጃ ከሁሉም ርካሹ ደረጃ መሆኑም ብዙ ጊዜ አይታወቅም። በዚህ ደረጃ ነጋዴው መክፈል ያለበት ራሱ ያልተከራከረበትን የግብር ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዋጋው ይወጣል። ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን በ30 ቀን ውስጥ ሲኬድ ከሚያከራክረው ግብር 50 በመቶ መከፈል አለበት። ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲኬድ 75 በመቶ ይሆናል። በምሳሌ እንየው፦ 2 ሚሊዮን ብር ተጠየቀ፣ ነጋዴው ሙሉ በሙሉ አልተስማማም እንበል። ለኮሚሽኑ 1 ሚሊዮን፣ ለፍርድ ቤቱ በድምሩ 1.5 ሚሊዮን ብር ሳይፈረድበት ከእጁ ይወጣል። ይህ ከዐረፋ በፊት ቢሆን፣ ያ ገንዘብ ስንት በግ ይገዛ እንደነበር ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ሌላም ነገር አለ። ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚወሰደው የሕግ ጥያቄ ነው። ስንት በሬ ተገዛ፣ በስንት ተገዛ፣ ስንቱ በመንገድ ሞተ የሚለው የፍሬ ነገር ክርክር ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። አዋጁ ውሳኔው ስሕተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የጫነውም በግብር ከፋዩ ላይ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት የሚጻፈው ቅሬታ፣ የተቃወመውን ነጥብ፣ ምክንያቱንና እንዲስተካከል የሚፈልገውን በዝርዝር ካልያዘ፣ በኋላ የሚቀጠር ውድ ጠበቃ የሚሠራበት ነገር አያገኝም። ብዙ ነጋዴ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ቅሬታውን ለፎቶ ኮፒ ቤት ጸሐፊ በመቶ ብር ያስጽፋል፣ ለፍርድ ቤቱ ግን ስመ ጥር ጠበቃ ይፈልጋል።

የማስረጃውን ነገር ማለፍ አይቻልም። ይህ ንግድ ከአርብቶ አደር ይገዛል፤ አርብቶ አደር ደረሰኝ አይቆርጥም። በገበያው ዋጋ የሚወሰነው በጨርቅ ሥር በጣት ነው፣ ክፍያውም በጥሬ ገንዘብ ነው። ገቢው ግን በባንክ በኩል፣ በዶላር፣ በወደብ ሰነድ ይገባል። በግብር ኦዲተሩ ጠረጴዛ ላይ የነጋዴው ሽያጭ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወጪው ግን አይታይም። ወጪ በሰነድ ካልተደገፈ ተቀናሽ አይሆንም፤ ያን ጊዜ መንጋውን በነፃ የገዛ ይመስላል። ደረሰኝ መስጠት የማይጠበቅባቸውን ሻጮች በሚመለከት የግዥ ማረጋገጫ ቫውቸር መጠቀም ይቻላል፤ የሻጩ ስም፣ አድራሻ፣ የመታወቂያ ቁጥርና ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ሲሟላ። ይህን በቦርደዴ ወይም በባቢሌ ገበያ አቧራ ውስጥ ማስሞላት አድካሚ ነው፤ ሻጩም "ግብር ሊያስከፍለኝ ነው" ብሎ ይሸሻል። ቢሆንም በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ ሒሳብ ሠራተኛና በዓመት ሁለት ጊዜ ፋይሉን የሚያይ የሕግ ባለሙያ ቢኖሩ፣ አብዛኛው ክርክር ሳይወለድ ይቀራል። የሞተውም ከብት እንዲሁ ነው። በመንገድ ላይ የሞተ እንስሳ በእንስሳት ሐኪም ካልተመዘገበ ለግብር ሰብሳቢው አልሞተም።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ አዲስ ነገር ተጨምሯል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ወደ ገበያ ከለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ከለውጡ በፊት በርካሽ ብር የገዛና ከለውጡ በኋላ ዶላሩን የመነዘረ ላኪ በመዝገቡ ላይ ትልቅ ትርፍ ይታይበታል። የሚቀጥለውን መንጋ ለመግዛት ያንን ሁሉ ብር እንደሚያስፈልገው መዝገቡ አይናገርም። የዚያ ዓመት ሒሳብ ተመርምሮ አልቋል ብሎ የሚያስብ ካለ ይሳሳታል፤ መሥሪያ ቤቱ የግብር ስሌትን እስከ 5 ዓመት ድረስ ተመልሶ ማየት ይችላል። ማጭበርበር ከተባለማ ገደብም የለውም። ያንን ዓመት የሚመለከቱ የባንክ ማስታወቂያዎች፣ የግዥ ሰነዶችና የዲክላራሲዮን ቅጂዎች ካርቲየ 3 ባለው ሣጥን ውስጥ ካሉ፣ ዛሬውኑ ቅጂያቸው ወደ ኢትዮጵያ መሄድ አለበት።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ባለቤቱ በሌለበት የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል፤ ማለትም ውክልና። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ያሳዝናል። ነጋዴው ለወንድሙ ወይም ለባለቤቱ "በስሜ ማናቸውንም ሥራ እንዲሠራ" የሚል ጠቅላላ ውክልና ይሰጥና ሁሉ ተሸፈነ ብሎ ይሄዳል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ጠቅላላ ውክልና የሚሸፍነው የአስተዳደር ሥራን ነው። በቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና ለማስያዝ፣ ለመታረቅ፣ ክስ ለማቅረብና መልስ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወንድምየው ኮሚሽኑ በር ላይ ደርሶ "ውክልናህ ክርክርን አይጨምርም" ሲባል ቀኑ እየሄደ ነው። ውክልናው ከጂቡቲ ከሆነ የሚሰጠው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል አልፎ ነው። ይህ በራሱ ቀናት ይበላል። የጂቡቲ መሥሪያ ቤቶች ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ናቸው፣ የኢትዮጵያዎቹ ቅዳሜና እሑድ፤ ሁለቱም አገር የሚሠራበት ቀን በሳምንት አራት ብቻ ነው። እነዚያም አራት ቀናት ጂቡቲ ላይ የሚያገለግሉት ጫቱ እስኪገባ ድረስ ነው።

ታዲያ እስከ ዛሬ ሥራው እንዴት ይሠራል? በጉዳይ አስፈጻሚ። ስለ እነዚህ ሰዎች ፍርድ ሲሰጥ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። ካርቲየ 3 ውስጥ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ የሚናገር፣ የትኛው ቢሮ በየትኛው ሰዓት እንደሚከፈት የሚያውቅ፣ መኪና ደወሌ ላይ ሲቆም እኩለ ሌሊት የሚነሳ ሰው ለነጋዴው ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ጠበቃ እኩለ ሌሊት አይነሣም። ለፈቃድ ማደሻ፣ ለመኪና ማስለቀቂያ፣ ለማህተም እሱን የሚተካ የለም፤ መተካትም አያስፈልግም።

ችግሩ የሚመጣው ወረቀቱ ቀን ሲቆጥር ነው። ጉዳይ አስፈጻሚው "ጋሼ፣ አይስጉ፣ ሰውየውን አውቀዋለሁ" ይላል። ሰውየውንም ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ያ ትውውቅ የይግባኝ ጊዜን አያቆመውም። በቃል የተገባ ተስፋ ፋይል ውስጥ አይገባም፤ ባለሥልጣኑ ሲዛወር ደግሞ አብሮ ይሄዳል። ጉዳይ አስፈጻሚው ቀን ቢያሳልፍ በሙያ የሚጠይቀው የለም። ፈቃድ ያለው ጠበቃ ቢያሳልፍ ግን በዲሲፕሊን ይጠየቃል፣ ደንበኛውም ካሣ ሊጠይቀው ይችላል። ለጠበቃ የሚከፈለው ገንዘብ ከፊሉ የሚገዛው ይህንኑ ተጠያቂነት ነው። "በእጅ የሚሰጥ" የተባለው ገንዘብ ግን ምንም አይገዛም፤ ደረሰኝ የለውም፣ ከግብር አይቀነስም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወንጀል ነው። ነገሩ ሲበላሽ የሰጠውም የተቀበለውም እኩል ዝም ማለት አለባቸው፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ 21 ቀን ያልፋል።

ከግብር ውጭ ያለው የመሥሪያ ቤት ውሳኔ ሌላ ዓይነት ነው። ፈቃድ ታግዷል፣ ጭነት እንዳያልፍ ተብሏል፣ አዲስ መመሪያ ወጥቷል ይባላል። መመሪያውን ያየ ሰው ግን የለም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 በዚህ ላይ ለነጋዴው ጥሩ መሣሪያ ሰጥቶታል። መመሪያ በፍትሕ ሚኒስቴር ተመዝግቦ በድረ ገጽ መውጣት አለበት፤ ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። ውሳኔም በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ መሰጠት አለበት። በተቋሙ ውስጥ ያለውን የቅሬታ መንገድ የጨረሰ ሰው ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። "የመመሪያውን ቁጥር ንገሩኝ፣ ውሳኔውንም በጽሑፍ ስጡኝ" የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ በር ከፍቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የቃል ትእዛዝ የሰጠ ኃላፊ በጽሑፍ ሲጠየቅ ማሰብ ይጀምራልና።

ሆኖም ይህ አዋጅ የሚደርሰው የፌዴራል ተቋማትንና የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስተዳደሮች ነው። በሶማሌ ወይም በአፋር ክልል ወረዳ የተዘረጋ ኬላ በዚህ አዋጅ አይዳኝም። የቁም እንስሳት መንገድ የሚያልፈው ደግሞ በእነዚሁ ክልሎች ነው። እንግዲህ የቱ ቢሮ በየትኛው ሕግ እንደሚጠየቅ መለየት ራሱ የባለሙያ ሥራ ነው፤ የክልሉን ጉዳይ ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቅርቦ ሁለት ወር የጠበቀ ሰው በመጨረሻ የሚሰማው "ሥልጣኑ የእኛ አይደለም" የሚል ቃል ነው።

ወደ ጂቡቲ ሲሻገር ሥርዓቱ ይለወጣል። ሕጉ ከፈረንሳይ የተቀዳ ነው፤ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። ደብዳቤ የሚያደርሰው ዊሲዬ፣ ውል የሚያረጋግጠው ኖቴር፣ የንግድ ግብሩ ፓታንት ይባላሉ። በፈረንሳይ የሕግ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ የማይጠብቀው ልማድ አለ፦ መሥሪያ ቤት ለማመልከቻ መልስ ካልሰጠ፣ ዝምታው ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እንደ መልስ ሊቆጠርና የክስ ጊዜው ከዚያ ሊጀምር ይችላል። ኢትዮጵያዊው ነጋዴ "ገና እያዩት ነው" ብሎ በትዕግሥት ሲጠብቅ ጊዜው ያልፍበታል። ትዕግሥቱ ጨዋነት ነው፤ ግን ያስከፍለዋል። ማመልከቻ ሲገባ የገባበት ቀን የተጻፈበት ማህተም በቅጂው ላይ ማስመታት፣ ቀጥሎም ስንት ቀን እንደሚጠበቅ የጂቡቲ ጠበቃ መጠየቅ የመጀመሪያው ቀን ሥራ መሆን አለበት።

ካርቲየ 3 ራሱም የመሬት ጥያቄ ነው። ከሰባቱ ካርቲየዎች አንዱ የሆነው ይህ ሰፈር ከአሮጌው የአገሬው ሰው ከተማ የቀረ፣ የእንጨት፣ የቆርቆሮና የብሎኬት ቤቶች ተጠጋግተው የቆሙበት ነው። በጂቡቲ ባለቤትነቱ ያልተመዘገበ መሬት የመንግሥት ነው። በቆዩት ሰፈሮች ውስጥ ብዙ ቤት የቆመው በጊዜያዊ የመያዣ ፈቃድ ነው፤ ይህ ከሙሉ የባለቤትነት ሰነድ በጣም ያነሰ መብት ነው። ኢትዮጵያዊው ነጋዴ ደግሞ ከባለ ፈቃዱ ሳይሆን ከባለ ፈቃዱ ተከራይ ይከራያል። ክፍሉ ውስጥ ቢሮውን፣ የሰነድ ሣጥኑን፣ የእረኞቹን መኝታ ያስቀምጣል፤ አንዳንዱም ግድግዳ ያቆማል፣ ጣራ ይቀይራል። ውሉ የቃል ነው፤ ወይም በአንድ ወረቀት በአማርኛ ተጽፎ ሁለት ሰው ፈርሞበታል። መንግሥት የሰፈር ማሻሻያ ሲያካሂድ ምዝገባ የሚደረገው በሰነድ ነው። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጂቡቲ በዓለም ባንክ ድጋፍ የደሳሳ ሰፈሮች ማሻሻያ ፕሮግራም አላት። በዚህ ዓይነት ሥራ የተከራይ ተከራይ ከማንም ኋላ ነው የሚሰለፈው።

ገንዘብ ያለው ነጋዴ አንዳንዴ ሌላ መንገድ ይመርጣል፤ ቤቱን ወይም የበረቱን ቦታ በጂቡቲ ዜጋ ስም ይገዛል። "ወንድሜ ነው" ይላል፤ አብሮ በልቷል፣ ተጋብቷል። ያ ወንድምነት እውነት ሊሆን ይችላል፣ ሰውየው ሲሞት ግን ወራሾቹ ይመጣሉ፤ እነሱ ምንም አልገቡም። ይህን ኖቴር ፊት ቀርቦ በብድር ውል፣ በኪራይ ውል ወይም በሽርክና መልክ ማስያዝ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ የአንድ ሰዓት ምክር ነው። ያንን ሰዓት መክፈል ከከበደ ቦታውን አለመግዛት ይሻላል።

ከቤቱ የበለጠ ክብደት ያለው የበረቱ ነገር ነው። የቁም እንስሳት ሰፊ ቦታ፣ ውኃና ንጹሕ አየር ይፈልጋሉ፤ የወደብ ዳር መሬት ደግሞ ዋጋው የሚጨምር መሬት ነው። ዳመርጆግ ላይ ከኳራንቲኑ ጎን ለጎን ሰፊ የኢንዱስትሪ ነፃ ቀጠናና የነዳጅ ወደብ እየተገነባ ነው። ይህ ለጂቡቲ መንግሥት ልማት ነው፤ ማንም ነጋዴ ሊከራከርበት አይችልም፣ አይገባምም። ግን የመሬት አጠቃቀም ፕላን በሚዘጋጅበት ጊዜ ከብት ማቆያው የት ይሆናል፣ የመንጋው መግቢያ መንገድ በየት ያልፋል፣ የውኃው ጉዳይ እንዴት ይሆናል ብሎ በጽሑፍ የሚጠይቅ ሰው አለ ወይ? ፕላን ከጸደቀ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ እሮሮ ነው የሚባለው። ከመጽደቁ በፊት የቀረበ አስተያየት ግን በፋይል ይያዛል።

በኢትዮጵያ በኩልም ነገሩ ያው ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። የከብት ገበያዎች ግን በየከተማው ከመሐል ወደ ዳር፣ ከዳርም ወደ ባሰ ዳር ሲገፉ የነጋዴው ማኅበር የሚሰማው ዶዘሩ ሲመጣ ነው። ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ቅሬታ በ30 ቀን፣ ይግባኙም በ30 ቀን ይቀርባል። ካሣው የሚከፈለው ሕጋዊ ይዞታ ላለው ነው። ከቀበሌ በቃል ወይም በጊዜያዊ ደብዳቤ በተሰጠ ቦታ ላይ አጥርና የውኃ ገንዳ የሠራ የማቆያ ባለቤት በዚህ አዋጅ ምን ያህል እንደሚጠበቅ ያጠያይቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ ለግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ነጋዴው ግን አርብቶ አደር አይደለምና በዚያ ጥላ ሥር አይገባም።

አሁን ወደ ክፍያው። ለየብቻ ሲታይ ጠበቃ ውድ ነው፤ ይህ እውነት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣ ወረቀት በየወሩ የሚከፈለው ሰው መያዝ ለአነስተኛ ነጋዴ አያዋጣም። ግን ንግዱ በጋራ መክፈልን ያውቃል። መኪና በጋራ ይሞላል፣ መርከብ በጋራ ይሞላል፣ ለእረኛ በጋራ ይከፈላል። በአንድ መኪና ጭነት ላይ የተወሰነ ገንዘብ በማኅበር በኩል እየተሰበሰበ፣ በኢትዮጵያ አንድ የጥብቅና ድርጅት፣ በጂቡቲ አንድ ፈረንሳይኛ የሚሠራ ጠበቃ በዓመታዊ ውል መያዝ ይቻላል። ቀድሞ በኢትዮጵያ ጠበቃ የሚሠራው ለብቻው ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት እንዲደራጁ ፈቅዷል። ስለዚህ ግብር የሚያውቀውን፣ መሬት የሚያውቀውንና ጉምሩክ የሚያውቀውን በአንድ ውል ማግኘት ከቀድሞው ቀሏል።

በዚህ ላይ የሚነሳ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። የማኅበር ጠበቃ የትልልቆቹ ላኪዎች ጠበቃ ሆኖ ይቀራል፣ ትንሹ ነጋዴ ይከፍላል፣ ትልቁ ይገለገላል ይባላል። ይህ ፍርሃት ከልምድ የመጣ ነው፤ በማኅበር ስም የተጀመረ ብዙ ነገር እንዲህ ሆኗል። ሌላው ደግሞ ተፎካካሪ ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገባቸውን ለአንድ ጠበቃ ማሳየት አይፈልጉም፣ ደግሞም ልክ ናቸው። ለሁለተኛው የጠበቃ ሚስጥር ጠባቂነት ግዴታ መልስ አለው። አንዱ ነጋዴ ሌላውን ከከሰሰ ጠበቃው ከሁለቱም መራቅ ይኖርበታል፤ ይህ በውሉ ይጻፍ። ለመጀመሪያው ግን መልሱ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ የለም። በውሉ ውስጥ ቀድሞ የሚደርሰው ቀኑ የቀረበበት ወረቀት እንጂ መዋጮው የበዛ ሰው እንዳይሆን ማድረግ ይቻላል። ይህንንም ማኅበሩ ራሱ ካልተከታተለ ጠበቃው አይከታተለውም።

ከሁሉም ቀላሉና ገንዘብ የማይጠይቀው ነገር የወረቀት መዝገብ ነው። ካርቲየ 3 ውስጥ ነጋዴዎቹ ሻይ የሚጠጡበት አንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ደብተርና አንድ ስልክ ይቀመጡ። ከድሬዳዋ፣ ከአዳማ ወይም ከአዲስ አበባ በር ላይ የተለጠፈ ማንኛውም ወረቀት በዚያው ቀን ፎቶ ተነሥቶ ይላክ፤ ዘበኛውም ይህን እንዲያደርግ ይታዘዝ፣ ለስልኩም ካርድ ይሞላለት። ደብተሩ ላይ የደረሰበት ቀንና የመጨረሻው ቀን ይጻፍ፤ የመጨረሻው ቀን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር። በሁለቱ ካሌንደሮች መካከል ሲቀያየር የጠፋ ቀን አለ፤ ነሐሴ 15ን ኦገስት 15 ብሎ የመዘገበ ስድስት ቀን ተበልቶ ይጠብቀዋል።

ልዩ ውክልናው ደግሞ ከመጪው የዐረፋ ጭነት በፊት፣ ክርክርንና ዕርቅን በስም ጠቅሶ፣ ኤምባሲው ወረፋ ሳይበዛበት ይሰጥ። የዐረፋ ሰሞን ሁሉም መንጋውን ይዞ ዳመርጆግ ነው፤ ኤምባሲ የሚሄድ የለም።